እሳት ጨውን ሲቀምስ

በቁንዝላ ለከተማውና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



እዚህ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋሁት ዕቃ ከየቤታችሁ ጓዳ የማይጠፋ ነው። የገበታ ጨው፣ የዳቦ ሶዳ፣ አንድ ብርጭቆ አቼቶ፣ የሦስት እንቁላል ቅርፊት፣ አንድ ክንድ የመዳብ ሽቦ፣ ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሰፈር ከአንድ ቤት ምድጃ ለምኜ የዛቅሁት አመድ። በጀልባ ይዤ የመጣሁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ትንሿን ቡታጋዝ፣ አንዲት የምድጃ ሽቦና ይችን ሰማያዊ መስታወት።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ነጭ ድንጋይና የጨው አንኳር በዓይን አይለዩም፤ የሚለያቸው ምላስ ነው። ምላስ ግን ሥራው እዚያ ያልቃል። በኬሚስትሪ ዘንድ ጨው አንድ አይደለም፣ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ነው፤ ከመካከላቸውም ቢቀመስ የሚገድል አለ። የምን ጨው እንደሆነ ሳይሞት ቀምሶ የሚነግረን እሳት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ የእሳት ቅምሻ ነው።

እኔ ይህን ነገር የተማርኩት በእሳት ሳይሆን በጠመኔ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጻፉልን፤ ሊትየም ደማቅ ቀይ፣ ሶዲየም ቢጫ፣ ፖታሲየም ሐምራዊ፣ ካልሲየም የጡብ ቀለም፣ ባሪየም ለጋ አረንጓዴ፣ መዳብ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሸመደድነው፣ ተፈተንበት፣ አለፍንበት። አንዱንም ቀለም በዓይናችን አላየንም። የላቦራቶሪው በር የተቆለፈ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን እናቴ ቤት የሽሮ ወጥ ገንፍሎ የቡታጋዙ ሰማያዊ ነበልባል ድንገት ወርቅ መሰለ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ አይቼው ነበር! ሰሌዳው ላይ «ሶዲየም ቢጫ» ተብሎ የተጻፈውና እናቴ ምድጃ ላይ የነደደው አንድ መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳሁት። እዚህ ድረስ የመጣሁትም ልጆቻችሁ እንደኔ ያን ያህል ዓመት እንዳይጠብቁ ብዬ ነው።

እንጀምር። መብራቱን ቀነስ አድርጉልኝ።

ይህ የጋዝ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ጋዙ ከበቂ አየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚነድ ጥላሸት አያወጣም። የእንጨት እሳት ቢጫ የሚሆነው ለምንድን ነው ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እሱ ሌላ ነገር ነው። በእንጨት ነበልባል ውስጥ ገና ያልተቃጠሉ ደቃቅ የከሰል ብናኞች አሉ፤ እነሱ ግለው ነው የሚያበሩት፣ ልክ ባለእጅ ያጋለው ማረሻ እንደሚያበራው። ማንኛውም ጠጣር ነገር በዚያ ሙቀት ቢግል ተመሳሳይ ብርሃን ይሰጣል፤ ስለ ማንነቱ ብዙም አይናገርም። ስለዚህ ጨውን የምንጠይቀው ራሱ ቀለም በማይበዛበት በዚህ ሰማያዊ ነበልባል ነው።

አሁን ይህን ሽቦ ውኃ ነካ አደርግና ጨው ላይ አሳርፈዋለሁ። ሽቦው ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ የወጣ ነው፤ ኒክሮም ይባላል፣ እሳት ውስጥ የራሱን ቀለም አያሳይም። መምህራን ካላችሁ ልብ በሉልኝ፤ መጻሕፍቱ የሚጠይቁት የፕላቲነም ሽቦ እጅግ ውድ ነው፣ ይህን ግን የምድጃ ጠጋኝ ቤት ታገኙታላችሁ። እሳቱ ውስጥ አስገባሁት። ተመልከቱ፤ ቢጫ።

ሽቦውን አጥቤ በሶዳ እደግመዋለሁ። ያው ቢጫ፣ ያው ድምቀት። ጨውና ሶዳ በጣዕም አይመሳሰሉም፣ በሥራ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ወጥ ያጣፍጣል፣ ሌላው ሊጥ ይነፋል። እሳቱ ግን ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠ። ሁለቱም ውስጥ ያለው ሶዲየም ስለሆነ ነው። የገበታ ጨው ሶዲየም ከክሎሪን ጋር የተጣመረበት ውሁድ ነው፤ ሶዳው ውስጥ ደግሞ ያው ሶዲየም ከካርቦን፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ተጣምሯል። ቀለሙ የሶዲየም ነው፤ ባልንጀራው ቢቀየርም ሶዲየም ቀለሙን አይለውጥም።

ሶዲየም ብረት አስተኔ ነው ስላችሁ አትደንግጡ። ብቻውን ሲሆን እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውኃ ሲነካው እየጮኸ ይቀጣጠላል። ክሎሪንም ብቻውን አረንጓዴ ቢጫ መርዛማ ጋዝ ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1915 ወታደሮችን ለመፍጀት ተለቅቋል። ከእነዚህ ሁለት አስፈሪዎች ጋብቻ ነው ያለ እርሱ ምግብ የማንበላው ጨው የተወለደው። ከኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ድንቅ ይኸው ነው፣ እስከ ዛሬም አልለመድኩትም።

ይህ ጨው ከየት ይመጣል? ዛሬ ብዙው ከአፋር ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት አሞሌም ከዚያው ነበር፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የደናክል ምድር እየተፈለጠ፣ በግመል ተጭኖ ደጋ ወጥቶ፣ በበቅሎና በአህያ እየተቀባበለ እዚህ ጣና ዳር ይደርስ ነበር። አሞሌ ገንዘብም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በመልካቸው የተቀረጸ ብር ካስወጡም በኋላ ገበያ ላይ ለዓመታት ቆይቷል። ከዚያ እጅግ በፊት፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሩቅ አገር እየሄዱ በወርቅ እንደሚለውጡ፣ ጉዞውንም የሚያሰናዳው የአገው ገዥ እንደሆነ ጽፏል። አገው ምድር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጨው ሰጥቶ ወርቅ መቀበል የዚህ አገር የቆየ ንግድ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ለምን ቢጫ? ለምን ሁልጊዜ ቢጫ?

ጨው እሳት ውስጥ ሲገባ ይቀልጣል፣ ይተናል፣ ጥንዱ ይለያይና ሶዲየሙ በአቶም በአቶም ነበልባሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። በእያንዳንዱ አቶም መካከል አስኳል አለ፣ በዙሪያው ኤሌክትሮኖች። የሶዲየም አቶም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ከሁሉም ውጭ ያለችው አንዷ ብቻዋን ናት፣ እሷ ናት ቀለሙን የምትሠራው። ኤሌክትሮን በመሰላል ላይ እንዳለ ሰው ናት። ሰው በአንዱ እርከን ወይም በሌላው ይቆማል፤ በሁለት እርከኖች መካከል አየር ላይ መቆም አይችልም። እሳቱ ውስጥ ያሉት ፈጣን ቅንጣቶች አቶሙን ሲገጩት ያቺ ኤሌክትሮን ወደ ላይኛው እርከን ትዘላለች። እዚያ የምትቆየው የሰከንድ አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ስትመለስ በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለውን የጉልበት ልዩነት ብርሃን አድርጋ ትለቀዋለች። በሶዲየም ዘንድ ያ ልዩነት ቁርጥ ነው፤ ብርሃኑ 589 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አለው፣ ዓይናችንም ቢጫ ይለዋል። ቁንዝላ ቢነድ፣ ጎንደር ቢነድ፣ ፀሐይ ላይ ቢነድ 589 ነው። የሊትየም መሰላል እርከኖቹ ይጠባሉ፤ ከዚያ የሚወጣው 671 ናኖሜትር፣ ቀይ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መሰላል አለው፣ የማንም መሰላል ከማንም አይገጥምም።

እዚህ ላይ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። በ2,000 ኬልቪን ሙቀት ላይ፣ በአንድ ቅጽበት ከ100,000 የሶዲየም አቶሞች መካከል በላይኛው እርከን ላይ ያሉት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። የቀሩት ሁሉ ታች ናቸው። ቤቱን ወርቅ ያስመሰለው ብርሃን የእነዚያ ጥቂቶች ነው፤ በየቅጽበቱ ተራ እየተቀያየሩ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

እንቁላሉን እንመልከት። ቅርፊቱን ከአንድ ሰዓት በፊት አቼቶ ውስጥ ጨምሬው ነበር፤ አረፋ ሲያወጣ ልጆቹ አይተውታል። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር። ደረቅ ቅርፊት እሳት ላይ ብይዘው አይተንም፣ ብዙም አይናገርም። አቼቶው ግን በከፊል አሟሙቶት ሌላ የካልሲየም ጨው ሆኗል። ሽቦውን ከፈሳሹ ነክሬ አስገባሁት፤ ብርቱካናማ ቀይ፣ የሸክላ ምጣድ ስብርባሪ የመሰለ። መጽሐፉ «የጡብ ቀለም» የሚለው ይህንን ነው። መምህሬ ሰሌዳው ላይ «ካልሲየም» ብለው የጻፉበት ጠመኔ ራሱ የካልሲየም ጨው ነበር። እጃቸው ላይ የያዙትን ነበር ስሙን ብቻ የጻፉልን። አልወቅሳቸውም፤ እሳቸውም የተማሩት በሰሌዳ ነበር።

መዳብ ላይ ልቆይ፣ ምክንያት አለኝና። ንጹሑን የመዳብ ሽቦ ስይዘው ነበልባሉ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ አያችሁ? መዳብ ክሎሪን ሲያገኝ ደግሞ ብርሃኑ ይበረታል፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይህን ቀለም ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ብዙ ሰው ያየው ሜዳ ላይ ነው። ወጣቶች ለቁራሌው የሚሸጥ መዳብ ለማውጣት የኤሌክትሪክ ገመድ ይከምሩና ላስቲኩን ያቃጥሉታል። እሳቱ አረንጓዴና ሰማያዊ እየሆነ ሲንቀለቀል ሕፃናት ከብበው ያዩታል፤ በእውነትም ያምራል። የሚያምረው ግን የገመዱ ልባስ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ባይልሽታይን የተባለ ኬሚስት አንድ ነገር ውስጥ ክሎሪን ወይም ዘመዶቹ መኖራቸውን ለማወቅ የጋለ የመዳብ ሽቦ ነክቶበት እሳት ውስጥ አስገባ፤ አረንጓዴ ከሆነ አለበት ማለት ነው። ኬሚስቱ በጥቂት ቅንጣት ላቦራቶሪ ውስጥ ያደረገውን እነዚያ ልጆች በኪሎ እየከመሩ በአፍንጫቸው ሥር ያደርጉታል። ከጭሱ ጋር የጨው አሲድ ተን ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ዳዮክሲን የሚባሉ መርዞችም ይወጣሉ፤ እነሱ አፈር ላይ ያርፋሉ፣ ሣር ላይ ያርፋሉ፣ ከላም ወተት ጋር ወደ ሰው ይገባሉ፣ ከሰውነትም ቶሎ አይወጡም። ስለዚህ ያ አረንጓዴ እሳት ራሱ «ሽሹ» እያለ ነው። ልባሱን በቢላ መላጥ ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ፤ መዳቡ ግን ሳይጠቁር ይወጣል፣ ልጁም ሳንባውን ይዞ ቤቱ ይገባል። እባካችሁ፣ ወላጆች፣ ይህን ንገሯቸው።

ስለ አደጋ ካነሳሁ አንድ ልጨምር። ጠንካራ አረቄ ክብሪት ሲጫርበት በሰማያዊ ነበልባል እንደሚነድ ያየ ሰው እዚህ መካከል አይጠፋም። ልጆች ጨው በአረቄ ወይም በስፒሪት አንድዳችሁ ቀለም ለማየት አትሞክሩ። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም፤ ጠፍቷል ብሎ ሲጨምርበት ከነጠርሙሱ የተቃጠለ ብዙ ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሜታኖል በሚባለው አልኮል ይህን ሲያሳዩ ተማሪዎች በተደጋጋሚ ስለተቃጠሉ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር በዚያ መንገድ ማሳየት እንዲቀር አሳስቧል። ከዚያ ይልቅ የስንጥር ጫፍ ጨው በጠገበ ውኃ ውስጥ ይደር፤ በነጋታው ትልቅ ሰው ባለበት፣ በጋዝ ነበልባል ላይ ይያዝ።

እናቶች ደግሞ ጨው አዮዲን ይኑረው አይኑረው በእሳት ይታወቅ እንደሆነ ትጠይቁ ይሆናል። አይታወቅም። አዮዲኑ ከኪሎ ጨው ውስጥ ሚሊግራም ብቻ ነው፤ አዮዲንም እንደ ብረት አስተኔዎቹ እንዲህ በቀለም አይናገርም። የሚታወቀው በስታርች በተሠራ መፈተኛ ነው፤ ጠብታው ጨው ላይ ሲያርፍ ወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ ይሆናል። እንቅርት በደጋችን ምን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የገበታ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በሕግ ታዝዟል፤ እናንተ ደግሞ ጨውን ከድናችሁ አኑሩ፣ እርጥበትና ፀሐይ አዮዲኑን ያባክኑታልና።

አሁን ወደ ሁለት ሰዎች ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1859 በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከተማ ሮበርት ቡንሰን የሚባል ኬሚስትና ጉስታቭ ኪርሆፍ የሚባል ፊዚሲስት አብረው ይሠሩ ነበር። ቡንሰን የነበልባልን ቀለም በባለቀለም መስታወት እያየ ይለይ ነበር። ኪርሆፍ «በፕሪዝም ብታየው ይሻላል» አለው። ፕሪዝም የሚባለው መስታወት ብርሃንን ይበትናል፤ ክረምት ሲወጣ ጣና ላይ ቀስተ ደመና የምትዘረጋው የዝናቡ ጠብታዎች ይህንኑ ስለሚያደርጉ ነው። የእሳት ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ የሶዲየም ቢጫ ቀጭን መስመር ሆነ፤ ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሁለት መስመር። የሊትየምም፣ የካልሲየምም መስመሮች በየቦታቸው ለየብቻ ቆሙ። ከዚህ በኋላ አሥር ጨው ቢቀላቀል አሥሩም ይነበባል።

ባለፕሪዝሙ መሣሪያቸው ምን ያህል እንደሚያነብ ለማወቅ 3 ሚሊግራም የሶዲየም ጨው በአንድ ሰፊ ክፍል ጥግ አፈነዱና ከሌላው ጥግ በመሣሪያቸው አዩ። ቢጫው መስመር ወጣ። አስልተውም ከሚሊግራም የሦስት ሚሊዮንኛ ያነሰ ሶዲየም እንደሚታይ ጻፉ። ቀጥሎ በዱርክሃይም ከሚፈልቅ ማዕድን ውኃ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ አትንነው ማንም ያላየው ሰማያዊ መስመር አገኙ፤ አዲስ ንጥረ ነገር ነበር፣ በ1860 ሲዝየም ብለው ሰየሙት። በዓመቱ ሩቢዲየምን በቀይ መስመሮቹ አገኙት።

አንድ ማታ ደግሞ ራቅ ብላ የምትገኘው ማንሃይም እሳት ተነሥቶባት በመስኮት መሣሪያቸውን ቢያዞሩ የባሪየምና የስትሮንሲየም መስመሮች እንዳዩ ይነገራል። እናንተም በሌሊት ከዚህ ዳርቻ ሆናችሁ በሐይቁ ላይ ወይም በደቅ ደሴት በኩል የምትነድ እሳት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ዓይን ደመራ ትሁን የዓሣ አጥማጅ ምድጃ አይለይም። እነዚያ ሰዎች ግን ከሩቅ ምን እንደሚነድ አነበቡ። ኪርሆፍም ከከተማ እሳት ወደ ፀሐይ ዞረ፤ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከቢጫው ቦታ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች የሶዲየም መሆናቸውን አሳየ። ፀሐይን የከበበው ትኩስ ጋዝ ውስጥ ያ ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው ብረት አለ።

ሶዲየም ይህን ያህል ደማቅ መሆኑ ግን ችግርም አለው፤ ሌላውን ይጋርዳል። ላባችን ውስጥ አለ፣ አቧራው ውስጥ አለ፤ ሽቦውን በጣቴ ብነካው እንኳ ቢጫው ይመጣል። በተለይ የሚጎዳው ፖታሲየም ነው፣ ሐምራዊው ደብዛዛ ስለሆነ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፖታሲየምን ለማየት ስሞክር አራት ጊዜ ቢጫ ብቻ አይቼ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለዚህ ነው ሰማያዊውን መስታወት ያመጣሁት። ኮባልት የገባበት ስለሆነ ቢጫውን ይውጣል፤ የፖታሲየምን ብርሃን ያሳልፋል።

ፖታሲየም ያለው ደግሞ እዚህ አመድ ውስጥ ነው። ዛፍ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ደንገል፣ ሁሉም ከአፈር ፖታሲየም ይስባሉ፤ ሲቃጠሉ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አውሮፓውያን አመድ አጥልለው በብረት ድስት ያተንኑ ስለነበር ነው «ፖታሽ» የሚለው ስም የመጣው፤ ትርጉሙ የድስት አመድ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 በኤሌክትሪክ ኃይል ከፖታሽ ብረቱን አወጣው፣ በቀናት ልዩነት ሶዲየምንም። የፖታሲየም ምልክት «ኬ» የሆነችውም ዐረቦች የተክል አመድን ቃሊ ስለሚሉት ነው።

ለዚህ ለአቸፈር ገበሬ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ዳፕ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ ሁለቱም ፖታሲየም የላቸውም። የአገራችን አፈር ፖታሲየም ሞልቶታል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር ካርታ ሥራ ግን በየቦታው የጎደለበት ማሳ እንዳለ አሳየ። የአፈር ላቦራቶሪ ይህን የሚለካበት ነባር መሣሪያ ፍሌም ፎቶሜትር ይባላል። ከማሳችሁ የመጣውን አፈር በፈሳሽ አጥበው ፈሳሹን ነበልባል ላይ ይረጩታል፤ መሣሪያው የፖታሲየሙን ብርሃን ብርታት ለክቶ በቁጥር ይናገራል። ሐኪም ቤቶችም የደምን ሶዲየምና ፖታሲየም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ነበልባል ለክተዋል። ፖታሹ ራሱ ደግሞ አገራችን ውስጥ ነው፤ አሞሌ በሚፈለጥበት በዚያው በደናክል፣ በዳሎል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያኖች ለእርሱ ብለው ከቀይ ባሕር ዳርቻ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ከማሳው ላይ የተነሣ አገዳ ሁሉ ፖታሲየም ተሸክሞ ይሄዳል፤ ምድጃ ውስጥ ሲነድ አመዱን መንገድ ላይ ከምትደፉት ጓሮ ብትመልሱት የራሳችሁን ፖታሽ መለሳችሁ።

ይህን አመድ ጠዋት በሙቅ ውኃ አሟሙቼ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ፣ ውኃውን አትንኜ ነው የያዝኩት። ከታች የቀረችው ይች አመድማ ነጭ ዱቄት ናት። መብራቱን አሁን ሙሉ በሙሉ አጥፉልኝ። መጀመሪያ ያለ መስታወት እዩ፤ ቢጫ ነው፣ ሶዲየሙ ቀድሟል። አሁን ሕፃናቱን ከፊት አስቀድሙ። መስታወቱን ዓይናችሁ ላይ አድርጉ፣ ካያችሁ በኋላ ለጎረቤታችሁ አቀብሉ። በቢጫው ፈንታ ሮዝ የመሰለ፣ ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ ብርሃን ይታያችኋል። አትቸኩሉ፤ አመዱ ይበቃል፣ ሁላችሁም እስክታዩ ድረስ እሳቱን አላጠፋውም።